ከማዶ የተገዙ

ብልጭታ በዚህ ምድር ላይ የማይንቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ሞቷል። ሟቹ የሙያ አባቱ ነው፤ የሞተር ሳይክል ኤሌክትሪክ ያስተማረው፣ የፒንሳ አያያዝ ያሳየው፣ ሲሳሳት በኩርኩም እያለ ሽቦ ያስለየው። የቀረውን የሰው ዘር ብልጭታ በጅምላ ይንቀው ነበር። ባትሪ ሻጮችን ይንቃል፤ "ባትሪህ ሞቷል" ከማለት በቀር ሌላ ቋንቋ አያውቁም ይላል። በያጆችን ይንቃል፤ ከእሳት ሌላ ያዩት ነገር የለም ይላል። ሞተር ሳይክል አጣቢዎችን ይንቃል፤ ውኃ መግባት የሌለበትን ቀዳዳ ፈልጎ ማግኘት የተሰጣቸው ለእነሱ ብቻ ነው ይላል። ደንበኞቹን ደግሞ ከሁሉም አብልጦ ይንቃል። "ምን ሆነብህ?" ይልና መልሱን ሳይሰማ መቀመጫውን መፍታት ይጀምራል፤ ባለቤቱ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ኖሮ እኔ ጋ ምን አመጣው ባይ ነው።

ቅጽል ስሙን ያወጡለት ከጎኑ ጎማ የሚለጥፉት ሁለት ጎረቤቶቹ ናቸው። ብልጭታ ሽቦ ውስጥ ኤሌክትሪክ መኖሩን የሚያረጋግጠው የሽቦውን ጫፍ ከብረት ጋር አነካክቶ ነው። ብልጭ ካለ አለ፤ ካላለ የለም። ሰማያዊ ብልጭታ፣ ቢጫ ብልጭታ፣ ሰነፍ ብልጭታ እያለ በየስማቸው ይጠራቸዋል። ሁለት ሹል ገመድ ያለውን፣ ቁጥር የሚያሳየውን ቴስተር ግን "የዕውር ምርኩዝ" ይለው ነበር። ዓይን ያለው ሰው ምርኩዝ ምን ይሠራለታል? ቴስተር አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። ድሮ በስጦታ ያገኘው አንድ አለ፤ ከነካርቶኑ፣ ሳይከፈት፣ አንድ እግሩ ያጠረውን የሥራ ጠረጴዛ ደግፎ ተቀምጧል። ሰዉ ፊት ለፊት "ጋሼ"፣ ዘወር ሲል "ብልጭታ" ይለዋል። ዘወር ሲል የሚባለውንም ይሰማው ነበር፤ ሙገሳ ይመስለው ነበር።

እውነቱን ለመናገር ባዶ ሰው አልነበረም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ባዶ ቢሆን እንደማንኛውም ጉረኛ ስቀንበት እናልፈው ነበር። አንድ ጊዜ ዳቦ የሚያመላልስ ሰው ሦስት መካኒክ ያየውን፣ ሁለት ባትሪ የበላ ሞተር ሳይክል ገፍቶ አመጣለት። ብልጭታ ጎንበስ ብሎ ከመቀመጫው ሥር አሸተተ። "ፕላስቲክ አሯል" አለ። እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና ከዲናሞው የሚመጡት ሦስት ቢጫ ሽቦዎች የሚገናኙበትን ነጭ መሰኪያ መዝዞ አወጣው፤ ግማሹ ቀልጦ ጠቁሯል። "ሦስት መካኒክ፣ ስድስት ዓይን" አለው ሰውየውን፤ "አንድ የሚያሸት አፍንጫ ይጥፋ?" ሰውየው አመሰገነ። ብልጭታ ምስጋናውንም ናቀው።

ከሙያ አባቱ ከወረሰው ሁሉ እንደ ቃል ኪዳን የያዘው ግን አንድ ፈተና ነበር። ሞተር ሳይክሉ ተጠግኖ ሲያልቅ ይነሳል፣ መብራቱ ይበራል፣ ነዳጅ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ሞተሩ እየጮኸ ሳለ የባትሪውን ሽቦ መንጭቆ ይነቅለዋል። ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ራሱን ችሏል፤ ቻርጅ አለ ማለት ነው። ከጠፋ የለም። ሟቹ መምህር ይህን ሲያደርግ ሰዉ እጁን አፉ ላይ ጭኖ ያይ ነበር፤ ብልጭታም ሲያደርገው እንዲታይለት ይወዳል። ሽቦውን ከነቀለ በኋላ ከፍ አድርጎ ይይዝና ዙሪያውን ይቃኛል፤ ያየው ሰው መኖሩን ካረጋገጠ በኋላ መልሶ ያስረዋል።

ችግሩ፣ በእሱ እጅ ያለፉ ሞተር ሳይክሎች አንድ ክፉ አመል ነበራቸው፤ ሬጉሌተራቸው ይቃጠላል። ሬጉሌተር ማለት መዳፍ የምታክል፣ ጀርባዋ ቦይ ቦይ የወጣላት ብረት ናት፤ ከዲናሞው የሚመጣውን ጉልበት መጥና ለባትሪው የምታቀብል እሷ ናት። እሷ ከሞተች ወይ ባትሪው ይራባል፣ ወይ ከልኩ በላይ ጠግቦ ይፈላል። አንዳንዷ እዚያው ፈተናው ላይ ትሞት ነበር፤ አንዳንዷ ሳምንት ቆይታ፣ ጠንካራዋ ሁለት ወር ከርማ። ብልጭታ ለአንዷም ሞት ገዳይ አላጣም። ይኼኛው ሞተር ሳይክሉን በውኃ አሳጥቦ ነው፤ ያኛው ትልቅ አምፖል አስገብቶ ነው፤ የዚያ ደግሞ መንገዱ ኮረኮንች ስለሆነ ነው። ለአብዛኞቹ ግን አንድ ገዳይ ይበቃው ነበር፤ እሱም ታናሽ ወንድሙ ነው።

ታናሽ ወንድሙ፣ ሰፈሩ "ትንሹ" የሚለው፣ ከመንገዱ ማዶ የመለዋወጫ ዕቃ ሱቅ ነበረው። መጀመሪያ ላይ ተደጋግፈው ይኖሩ ነበር፤ አንዱ ይጠግናል፣ አንዱ ዕቃ ያቀብላል። የሬጉሌተሩ መቃጠል ሲበዛ ብልጭታ ማጉረምረም ጀመረ፤ ማጉረምረሙ ወደ ስድብ አደገ። በመጨረሻ የተቃጠሉትን በአንድ ወፍራም ሽቦ ላይ ደርድሮ በሩ ላይ ሰቀላቸው። እየጨመረባቸውም ዘጠኝ ደረሱ። ከበላያቸው ካርቶን ለጥፎ በቀይ ቀለም "ከማዶ የተገዙ" ብሎ ጻፈበት። ደንበኛ "ይሄ ምንድን ነው ጋሼ?" ብሎ ሲጠይቀው፣ "ማንበብ አትችልም?" ይለዋል፤ አገጩንም ወደ ማዶ ይቀስራል።

ትንሹ ጠዋት ጠዋት ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ይህንኑ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ አየው። መጀመሪያ "ጋሼ" ማለቱን ተወ፤ ቀጥሎ ሰላምታውን ተወ፤ ቀጥሎ ጭራሽ ወደዚህ ማየቱን ተወ። ሰዉም ካርቶኑን እያነበበ ዕቃውን ሌላ ሰፈር ሄዶ መግዛት ጀመረ፤ የገዛ ወንድሙ ያልመሰከረለትን ማን ያምነዋል? ዘንድሮ ትንሹ ነገሩ በቃው። ሱቁን በወሩ መጨረሻ ለአንድ ጫማ ሻጭ ሊያስረክብ ተስማማና መደርደሪያዎቹን እያራገፈ በካርቶን መክተት ጀመረ። ብልጭታ ይህን ሲሰማ፣ "ሌባ መንገዱ ሲጠበው ይሄዳል" አለ። ወንድሙን ነው እንዲህ ያለው።

ሁለቱም አንዲት እህት አለቻቸው፤ አዋላጅ ናት። አባታቸው ጥሎት ያለፈው ሞተር ሳይክል ለእሷ ደርሷታል፤ ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር፣ ሰፈሩ ሩቅ ሲሆን፣ በእሱ ትሄዳለች። ሞተር ሳይክሉ ግን ከታመመ ከርሟል። የፊት መብራቱ እንደ ደከመው ሰው ዓይን ይሰልላል፤ ክላክሱ ሊጮህ ሲል ይስላል፤ ማስነሻው ሲነኩት ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። ብልጭታ ሁለት ጊዜ ሬጉሌተር ቀይሮላት ሁለቱም ተቃጥለውበታል፤ ዘጠኙ ላይ ካሉት ሁለቱ የእሷ ናቸው። በቅርቡ ደግሞ አመሻሽ ላይ መንገድ መሃል ቆመባት፤ ገፍታ ስትደርስ ሕፃኑ ያለ እሷ ተወልዷል። ደግነቱ ደህና ነበር። ደህና ባይሆንስ ኖሮ የሚለው ሐሳብ ግን አዋላጇን እንቅልፍ ነሳት።

እሷ ከብልጭታ የምትለየው በአንድ ነገር ነው፤ ሳትለካ አትናገርም። የደም ግፊት ትለካለች፣ ሙቀት ትለካለች፣ የልብ ምት ትቆጥራለች፤ ሁሉንም ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ስለ ሞተር ሳይክሉም መጻፍ ጀምራ ነበር። ባትሪው ጠዋት ስንት እንደነበረ፣ ማን ምን እንደቀየረ፣ በስንተኛው ቀን እንደሞተ። ደብተሩን ደጋግማ አየችውና አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሞተር ሳይክሉን እየገፋች ብልጭታ በር ላይ አቆመችው። በአንድ እጇ ከሰው የተዋሰችውን ቴስተር፣ በሌላው ከማዶ የመጡ ሁለት አዳዲስ ሬጉሌተሮችን ይዛለች።

"ጋሼ፣ እንዋዋል" አለችው። "ከነዚህ አንዱን እኔ እያየሁ ግጠምልኝ። ከተቃጠለ ሁለተኛ ስለ ወንድማችን አንስቼ አላስቸግርህም። ካልተቃጠለ ግን ያንን የሰቀልከውን ታወርዳለህ። ሱቁን ሳያስረክብ፣ ሰው ሁሉ እያየ ታወርደዋለህ።"

ብልጭታ ሳቀ። ውል የሚገባው ከእኩያው ጋር ቢሆንም ለእህቱ ሲል እንደሚስማማ ነገራት፤ ቴስተሩን ግን ከዓይኑ እንድታርቅለት ጠየቃት። አንቺ እናቶችሽን አዋልጂ፣ የሞተሩን ነገር ለእኔ ተዪው አላት። እሷም ማዋለድም ከመለካት እንደሚጀምር ነግራው ገመዶቹን ባትሪው ላይ አኖረች። ቁጥሩ አሥራ ሁለት ከስድስት ቮልት አለ። ባትሪው ጤነኛ ነው ብላ ጻፈች።

ወሬው ደርሷቸው ኖሮ ጎማ ለጣፊዎቹ በርጩማቸውን ስበው መጡ። ሦስት አራት መንገደኛም ቆመ። ብልጭታ ተመልካች ሲያይ እጁ ይፈጥናል። ቢጫ ሽቦዎቹ የሚገናኙበትን መሰኪያ አሸተተው፤ እንዳሰበው ቀልጧል፤ ቆርጦ ጣለና አዲስ አሰረ። የባትሪውን ጫፎች በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ አበራቸው። ሬጉሌተሩ የሚታሰርበትን ብረት ቀለሙን ፋቀ፤ ብረት ከብረት ካልነካ ኤሌክትሪክ መንገድ እንደሚያጣ ለተመልካቹ እያስረዳ፣ ይህን የማያውቁትንም በየተራ እየሰደበ። ሥራው እንከን አይወጣለትም ነበር። ከማዶ የመጣውን ዕቃ በሁለት ጣቱ፣ የሞተ አይጥ ያነሳ ይመስል፣ አንስቶ ገጠመው።

ሞተሩ ተነሳ። አዋላጇ ገመዶቹን ባትሪው ላይ አድርጋ ነዳጅ እንዲሰጠው ጠየቀችው። ቁጥሩ አሥራ ሦስት አለ፣ ከፍ አለ፣ አሥራ አራት ከአንድ ላይ ሲደርስ ቆመ። ነዳጅ ቢጨምርም ከዚያ አላለፈም፤ ባትሪው በልኩ እየተመገበ ነው ማለት ነው። መብራቱ ደምቋል። ክላክሱን ነካችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስል ጮኸ። ማዶ፣ ካርቶን የሚያሽገው ትንሹ ቀና አለ።

"አሥራ አራት ከአንድ" አለች። "ጨርሰናል፤ ወንድሜን እግዜር ይስጠው።"

"ቁጥር ለተማሪ ነው" አላት ብልጭታ። "ፈተናው ገና አልተጀመረም።"

እሷ ምን ሊያደርግ እንደሆነ እስክትረዳ ነዳጁን እስከ ጥግ ሰጠውና የባትሪውን ሽቦ መንጭቆ ነቀለው። መብራቱ ነጭ ሆኖ ቦግ አለ፤ ጠሽ አለና ጠፋ። ከመቀመጫው ሥር የሚያፍን የቃጠሎ ሽታ ወጣ። ብልጭታ ሽቦውን ከፍ አድርጎ ይዞ ዙሪያውን ቃኘ፤ ፊቱ ላይ ያለው ደስታ ለአንድ የተቃጠለ ብረት የሚበዛ ደስታ ነበር። ወደ ማዶ ዞሮም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ትንሹ፣ አሥረኛህ መጣልህ" አለ።

አዋላጇ አልተቆጣችም። ሽቦውን ከእጁ ተቀብላ መልሳ አሰረችው፤ ገመዶቹን አኖረች፤ ነዳጅ ሰጠች። አሥራ ሁለት ከሦስት። ደግማ ሰጠች፤ አሥራ ሁለት ከሦስት፣ ከዚያም አሥራ ሁለት ከሁለት። ጻፈችው። ደብተሩን አዙራ ዓይኑ ሥር አደረገችለት።

"ሳትነቅለው ይሠራ ነበር" አለችው። "ስትነቅለው ሞተ።"

"ጠንካራ ዕቃ ቢሆን አይሞትም ነበር።"

"ጋሼ፣ ጤነኛ ሕፃን አንስቶ ከጣለ በኋላ 'ድሮም ደካማ ነበር' የሚል አዋላጅ አይቼ አላውቅም።"

ጎማ ለጣፊዎቹ በሳቅ ፈረሱ። አንደኛው፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አለ፤ ሌላው ጭብጨባ ጨመረበት። ብልጭታ ፊቱ ጠቆረ። ውሉ ከተቃጠለ ነበር፣ ይኸው ተቃጥሏል አለ፤ የተቃጠለውን ፈትቶ አሥረኛ አድርጎ ሽቦው ላይ ሰካው። እህቱ ከገዛ ጠረጴዛው ላይ ካቻቢቴውን አንስታ ሁለተኛውን ሬጉሌተር ራሷ አሰረችው፤ ሁለት ብሎንና ሁለት መሰኪያ እንጂ ሌላ ጥበብ የለውም። ከማዶ አምፖል አስመጥታ ተካች፤ ለካች፤ አሥራ አራት ከአንድ። ከዚያ ማንም ሽቦ ሳይነቅልባት ተነስታ ሄደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ በበሩ ታልፍ ነበር። ስታልፍም ክላክሱን አንድ ጊዜ ረጅም አድርጋ ታስጮኸዋለች። ብልጭታ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሳምንት ይቆያል፣ ከዚያ እንደሌሎቹ ይሞታል ብሎ ጠበቀ። ሳምንት አለፈ። ከራሱ ውርደት ይልቅ የእህቱን ሞተር ሳይክል መቆም ሲመኝ ራሱን አገኘው፤ እሷ ገፍታ የምትደርስበትን ቤት፣ እዚያ ውስጥ የምትጮኸውን ሴት ረስቶ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር። አሥራ አንደኛው ቀን ላይም ክላክሱ እንደ መጀመሪያው ቀን ጮኸ።

እሑድ ሰው በሌለበት ሱቁን ከፍቶ ገባና በሩን ከውስጥ ገርበብ አደረገው። የተቆለፈውን መሳቢያ ከፈተ። እዚያ ውስጥ በዘይት ጨርቅ የተጠቀለለች አንዲት ሬጉሌተር አለች፤ ከማዶ ያልመጣች፣ ከፋብሪካው የወጣች ዋናዋ ዕቃ፣ ለገዛ ሞተር ሳይክሉ ያስቀመጣት። ሲምል በእሷ ነበር የሚምለው። ገጠማት። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ቆሞ የጠረጴዛውን እግር ተመለከተ። በመጨረሻ ተንበርክኮ ካርቶኑን ከሥሩ ጎትቶ አወጣው፤ ጠረጴዛው ዘመመ፣ ብሎኖቹም ወለሉ ላይ ተንከባለሉ።

ቴስተሩ እንደታሸገ ነበር። ካርቶኑ ላይ በእስክሪብቶ "ለጋሼ" የሚል ተጽፎበታል፤ የትንሹ ጽሕፈት ነው። ብልጭታ መቼ እንደሰጠው ለማስታወስ ሞከረና አስታወሰ። ሦስተኛው ሬጉሌተር የተቃጠለ ሰሞን ነው። ያኔ ምን ብሎ እንደሰጠው ግን ማስታወስ አልፈለገም።

ሞተሩን አስነሳ፤ ለካ። አሥራ አራት ከሦስት። ነዳጅ ሰጠ፤ ያው ነው። እንግዲህ አለ ለራሱ፤ መብራቱን አበራ፣ ሽቦውን ያዘ፣ ነቀለ። አምፖሉ ቦግ ብሎ ጠሽ አለ። መልሶ አሰረና ለካ። አሥራ ሁለት ከአራት። ነዳጅ ሰጠ፤ ከፍ አላለም። አሥራ ሁለት ከሦስት። ይምልባት የነበረችው ዕቃ፣ ከማዶ ከመጣው ዕቃ ሁሉ የበላይ የነበረችው፣ እንደ ማንኛዋም ሞታለች።

በርጩማው ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ የመጣለት ሟቹ መምህሩ ነው፤ ሊንቀው ፈለገ፣ ምክንያት ግን አጣ። የመምህሩ ዘመን ሞተር ሳይክሎች ሌላ ነበሩ፤ አሮጌውን ዲናሞ የተሸከሙ፣ ሽቦ ቢነቀልባቸው የማይደነግጡ። ለእነሱ ፈተናው ትክክል ነበር። አዲሶቹ ሲመጡ ሰውየው አፈር ለብሷል። ባትሪው ሲነቀል ያ ሁሉ ጉልበት መሄጃ አጥቶ ሬጉሌተሯ ላይ እንደሚወርድ መጠየቅ፣ ማየት፣ መለካት የነበረበት በሕይወት ያለው ነበር። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ይባላል፤ ቀድሞማ በቴስተሩ ጠረጴዛ ሲያስደግፍ ነበር።

ከዚያ ደንበኞቹ አንድ በአንድ መጡበት። አሳጥበህ ነው ብሎ የሰደበው። አምፖል አበዛህ ብሎ ያባረረው። መንገድህን ለውጥ ያለው። ዳቦ የሚያመላልሰውም፣ መሰኪያውን ካገኘለት በኋላ ሁለት ወር ሳይሞላው ተመልሶ መጥቶ ነበር፤ ያኔ "አንተ ሞተር ሳይክል አይገባህም፣ በቅሎ ግዛ" ብሎታል። ሁሉንም የገደላቸው አንድ እጅ ነው፤ ያ እጅ ደግሞ አሁን ጉልበቱ ላይ ተቀምጧል። ብልጭታ በዕድሜው ብዙ ሰው ንቋል፤ እንደዚያ ቀን አድርጎ የናቀው ሰው ግን አልነበረም። አፈረ። ዝም ብሎ አፈረ።

ሰኞ ጠዋት መንደሩ ሳይነሳ ሽቦውን ከነሬጉሌተሮቹ አወረደና መንገዱን ተሻገረ። በሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ትንሹ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ጓዳ ውስጥ የመጨረሻዎቹን ካርቶኖች ያስር ነበር። ቁልፉን የሚያስረክበው በማግስቱ ነው። ወንድሙን ሲያይ አልተነሳም፤ ተቀመጥም አላለውም።

ብልጭታ ሽቦውን ካርቶኑ ላይ አስቀመጠለት። ሊናገር ያዘጋጀው ብዙ ነበር፤ የወጣው ግን አጭር ሆነ። "እኔ ነኝ" አለ። "ሽቦውን ስነቅል ነው የሚቃጠሉት። ዕቃህ ደህና ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ ትንሹ።

"ታውቅ ነበር?"

"ሦስተኛው ሲቃጠል ነገርኩህ። ቴስተር ገዝቼ አመጣሁልህ። ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?"

ብልጭታ ያስታውሳል።

"'አንተ ሻጭ ነህ፤ ሻጭ ከሳንቲም ሌላ ምን ያውቃል' አልከኝ" አለ ትንሹ። ድምፁ አልጨመረም። "ጎማ ለጣፊዎቹ እየሰሙ። መንገደኛው እየሰማ። አሁን ደግሞ ይሄን ይዘህ ጓዳ ውስጥ መጣህልኝ፣ በጠዋት፣ ሰው ሳይነሳ። የሰደብከኝ ግን እዚህ አይደለም።"

ሽቦውን አንስቶ መለሰለት። "ውሰድና ስቀለው" አለው። ከዚያ ወደ ማሰሩ ዞረ፤ ገመዱን በጥርሱ ሲቆርጥ ብልጭታ ወጣ።

ብዙ ሰው በዚህ ቦታ ሽቦውን ወስዶ ቆሻሻ ውስጥ ይጥለው ነበር። ይቅርታ ጠይቄ ነበር፣ እምቢ ያለው እሱ ነው ብሎም ኑሮውን ይቀጥል ነበር። ብልጭታም መንገዱ መሃል ላይ ቆሞ ይህን አሰበው፤ ወስኖም ነበር ማለት ይቻላል፣ ምክንያቱም እግሩ ወደ ቆሻሻ በርሜሉ ሁለት እርምጃ ሄዷል። ከማዶ ያለው በር ግን ክፍት ነው። ሽቦውን ይዞ ወደ ሱቁ ተመለሰ።

ሰዓቱ ሲደርስ፣ ጎማ ለጣፊዎቹ ዕቃቸውን ሲያወጡ፣ ተማሪውና ሠራተኛው መንገዱን ሲሞላው፣ ብልጭታ መሰላል አቁሞ በሩ ላይ ወጣ። ሬጉሌተሮቹን ሰቀላቸው፤ በዘይት ጨርቅ የነበረችውን ዋናዋንም ጨምሮ አሥራ አንድ ሆኑ። አሮጌውን ካርቶን ገነጠለ። በአዲሱ ላይ፣ በዚያው ቀይ ቀለም፣ ከመንገዱ ማዶ በሚነበብ ፊደል "እኔ ያቃጠልኳቸው" ብሎ ጻፈ። መሰላል ላይ ሆኖ ስለጻፈው ፊደሎቹ ወደ ታች አዘነበሉ። ጎማ ለጣፊዎቹ አንብበው እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ የዚያን ጊዜ አልሳቁም። ሳቁ በኋላ መጣ፤ ወርም ቆየ፤ ብልጭታም ችሎ ተቀመጠ።

እኩለ ቀን ላይ ዳቦ አመላላሹ ሞተር ሳይክሉን እየገፋ መጣ። ሌላ ቦታ ሞክሮ ሞክሮ ሲያቅተው፣ ስድቡን ችሎ የመጣ ሰው ነው። ካርቶኑን አነበበ። "የማን ሥራ ነው ይሄ?" አለ፤ ያው የለመደውን አገጭ ወደ ማዶ ሲቀሰር ሊያይ።

"የእኔ" አለ ብልጭታ። ቃሉ ቀስ ብሎ ወጣና ጎረቤቶቹ ባይሰሙስ ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። "የእኔ ሥራ ነው። ያንተም እዚያ ውስጥ አለች።" ከዚያ ምን እንደሆነበት ጠየቀውና፣ መቀመጫውን ሳይነካ፣ እስኪጨርስ ሰማው። ለካለት። ሬጉሌተሯ ሞታለች።

"ከየት ልግዛ?" አለው ሰውየው።

ብልጭታ ቀና አለ። የማዶው በር አሁንም ክፍት ነው፤ ካርቶኖቹ ደጃፉ ላይ ተደርድረዋል፤ ትንሹ ከነሱ ኋላ ቆሞ እጁን አጣጥፎ ወደዚህ ያያል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አይታወቅም።

"ከማዶ" አለ ብልጭታ። "ከእሱ ሌላ ጋ እንዳትሄድ።"

ዳቦ አመላላሹ ተሻገረ። ትንሹ አንዱን የታሰረ ካርቶን ፈትቶ ለረጅም ጊዜ ሲፈልግ ታየ። ከዚያ አንድ ነገር በወረቀት ጠቅልሎ ለሰውየው ሰጠው፤ ጠጋ ብሎም የሆነ ነገር ነገረው። ሰውየው ተመልሶ ሲመጣ ግራ እንደገባው ነበር።

"ባለሱቁ መልእክት ልኮልሃል" አለ።

"ምን አለ?"

"'ለጋሼ ንገርልኝ፤ ሽቦውን እንዳይነቅለው' ነው ያለው።"

ብልጭታ ወረቀቱን ተቀበለ። ፈትቶም ሬጉሌተሯን ገጠማት፤ ሞተሩን አስነሳ። ቴስተሩን አነሳና ገመዶቹን ባትሪው ላይ አኖረ።

"እሺ ብሏል በለው" አለ።